ጾሙና ቀንበሩ

ለ55 ቀናት የሚጾመው ዐቢይ ጾም ሌሊቱን በቅዳሴው ፍጻሜ ሲፈታ፣ የክርስትና እምነት ተከታዮች የጌታችንንና የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን የትንሣኤ በዓል በታላቅ ደስታ ያከብራሉ። በዓሉ በርእሰ ከተማችንም ሆነ በየጠረፉ በአንድ ሌሊት ይከበራል፤ የሚከበርበት ምድር ታሪክ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፋሲካ አስቀድሞ ከባርነት የመውጣት በዓል ነበር። እስራኤላውያን ከግብፅ የወጡበትን ሌሊት የሚያስታውስ ነበርና። ይህን ነገር ባርነትን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከአያቶቹ ትዝታ በሚያውቅ አገር ሆነው ሲሰሙት ክብደቱ ሌላ ነው። ባምባሲ እንዲህ ካሉት አገሮች አንዷ ናት።

ባምባሲ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ በኩል አድርጎ፣ የዳቡስን ወንዝ ተሻግሮ ወደ አሶሳ በሚያመራው መንገድ ላይ፣ አሶሳ ለመድረስ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ትገኛለች። ፋሲካ በሚውልበት ወራት ሙቀቱ የበረታ፣ ማንጎው የደረሰ፣ ዝናቡም የሚጠበቅ ነው። በወረዳዋ ማዎው፣ በርታው፣ ኦሮሞው፣ አማራውና ሌላውም ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ መሠረት ከነዋሪው 45 በመቶ ያህሉ ሙስሊም፣ አንድ ሦስተኛው ኦርቶዶክሳዊ፣ ከ13 በመቶ በላይ የሚሆነው ፕሮቴስታንት ሲሆን፣ የአባቶቹን ልማዳዊ እምነት የሚከተለውም ቀላል አልነበረም። በመሆኑም እዚያ ጾም የሚጾም ሰው ጾሙን ከማይጾመው ጎረቤቱ ፊት ሆኖ ይጾማል፤ በዓል የሚያከብርም ከበዓሉ ውጭ ባለው ጎረቤቱ ዓይን ሥር ሆኖ ያከብራል።

የዛሬው ጥያቄያችን አዲስ አይደለም። አንድ ሰው ሥጋና ወተት ትቶ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ስግደቱን ቆጥሮ፣ ሥርዓቱን አንድም ሳያጎድል ከፈጸመ በኋላ እምነቱ በውስጡ አለ ወይ? ካለስ በምን ይታወቃል? ጥያቄውን ከውጭ የመጣ አድርገው የሚቆጥሩት አሉ። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በጾሙ እሑዶች ውስጥ አስገብታ በየዓመቱ ለምእመናኑ ታቀርበዋለች።

የዐቢይ ጾም ሰንበታት በየስማቸው ሲታዩ ይህ ግልጽ ይሆናል። በሦስተኛው እሑድ፣ በምኩራብ፣ ጌታ በቤተ መቅደስ ሻጮችንና ለዋጮችን ሲያስወጣ ይነበባል። እነዚያ ሰዎች እኮ ሕግ ተላላፊዎች አልነበሩም። ለመሥዋዕት የሚሆነውን በግና ርግብ ያቀርቡ የነበሩት ሥርዓቱ እንዲፈጸም ነው። በአራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይነገራል፤ 38 ዓመት በአልጋው ላይ ተኝቶ የኖረው ሕመምተኛ። ሰውየው ድኖ አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ ያገኙት ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄ ማን አዳነህ የሚል አልነበረም፤ በሰንበት አልጋ መሸከም እንዳልተፈቀደ ነበር ያሳሰቡት። 38 ዓመት የተኛውን ሰው ያላዩ ዓይኖች አልጋውን ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በሰባተኛው እሑድ ደግሞ የሕግ መምህሩ ኒቆዲሞስ በሌሊት ይመጣል።

ስለ ኒቆዲሞስ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። እንደ ዮሐንስ ወንጌል አተራረክ ከሳሾቹ ጌታን ወደ ጲላጦስ ባመጡበት ማለዳ ወደ ገዥው ግቢ አልገቡም። ከአሕዛብ ቤት ቢገቡ ይረክሳሉ፣ ቢረክሱም ፋሲካውን መብላት አይችሉምና። ንጹሕ ሰው አሳልፎ ለመስጠት የመጡ ሰዎች ደጃፉን ላለመርገጥ ይጠነቀቁ ነበር። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ኒቆዲሞስ መቶ ንጥር ያህል ከርቤና እሬት ይዞ ከአርማትያሱ ዮሴፍ ጋር ይመጣል። ሁለቱ አስከሬኑን አውርደው፣ ገንዘው፣ ቀበሩት። በኦሪት ዘኍልቍ እንደተደነገገው አስከሬን የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነው፤ በዚያ ሳለ ፋሲካ ቢደርስበትም በዓሉን ከወር በኋላ ለማክበር ይገደዳል። ኒቆዲሞስ ደግሞ የሕግ መምህር ነው፤ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ስለዚህ እጁን ወደ አስከሬኑ ሲዘረጋ የዓመቱን ታላቅ በዓል እንደሚያጣ እያወቀ ነበር። ወንጌላዊው ይህን ቆጥሮ አይነግረንም፤ ሁለቱን ነገሮች አንድ ምዕራፍ ያህል አራርቆ አስቀምጧቸዋል፤ አንባቢው ራሱ እንዲያገናኛቸው። ለዚህ ጸሐፊ ግን ከትንሣኤው አስቀድሞ ባለው ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የእምነት ምስክርነት ያለ አይመስለውም።

ሥርዓቱን ማቃለል ግን አይገባም። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ጾመ ሕርቃል ይባላል። እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት በ7ኛው መቶ ዘመን የቢዛንቲየም ንጉሠ ነገሥት ሕርቃል በፋርሶች የተወሰደውን መስቀል ለማስመለስ ሲዘምት ነፍስ ማጥፋት የዕድሜ ልክ ጾም እንደሚያስከትልበት ፈራ፤ ምእመናኑም ጾሙን እኛ ተከፋፍለን እንጾምልሃለን አሉት። ታሪኩን ሊቃውንቱ በየመልኩ ይተርኩታል። ለእኛ የሚደንቀው ከዚህ ሁሉ የጾም ሕግ መካከል አንዱ ሳምንት የተወለደው የሌላውን ሰው ዕዳ ለመሸከም መሆኑ ነው። ሥርዓት ከፍቅር ሊወለድ ይችላል ማለት ነው፤ ችግሩ ልጁ እናቱን ሲረሳ ነው የሚመጣው።

ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፉ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሕዝቡ ጾምን፣ ሰውነታችንንም አዋረድን፣ ስለምን አልታየልንም ብሎ ያጉረመርማል። መልሱ ስለ ምግብ ምንም አይናገርም። እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የበደልን እስራት መፍታት፣ የቀንበርን ጠፍር መበጠስ፣ የተገፉትን አርነት ማውጣት፣ ለራበው እንጀራ መቁረስ እንደሆነ ያስረዳል። ይህን ምዕራፍ ሰባኪዎቻችን ዘወትር በምሳሌ ይፈቱታል፤ ቀንበሩ የኃጢአት ቀንበር፣ እስራቱም የሰይጣን እስራት እየሆነ ይተረጎማል። ትርጓሜው መልካም ነው። ነገር ግን ነቢዩ የተናገረው አስቀድሞ በአንገት ላይ ስላለ ቀንበር ነበር፤ ባምባሲና አካባቢዋም ያን ቀንበር ያውቁታል።

የግብፁ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 እና በ1821 ሱዳንን ሲይዝ ከዓላማዎቹ ዋነኞቹ ወርቅና ባሪያ ነበሩ፤ ሁለቱንም ፍለጋ ዓይኑን ከጣለባቸው ምድሮች አንዱ ቤኒሻንጉል ነበር። በየሸለቆው ወርቅ ይታጠባል፤ በየመንደሩም ሰው ይታደናል። ማዎውና ኮሞው በተለይ የጎረቤቶቹ ሁሉ ዘረፋ ሰለባ ነበር፤ ከምዕራብ የመጣውም፣ ከምሥራቅ የመጣውም ወስዶታል። በ1890 ዓ.ም. በራስ መኮንን የተመራው ዘመቻ አካባቢውን በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ካስገባ በኋላም በግብርነት ወደ መሐል አገር ይላክ የነበረው ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም አብሮ ይቆጠር ነበር።

እነዚያ ሰዎች የገቡት ወዴት ነው? ብዙዎቹ ረቡዕና ዓርብን ከሚጾም፣ ሁዳዴንም ከማያፈርስ ቤት ነው። ወፍጮው ላይ የሚያድሩት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚሸከሙት እነርሱ ነበሩ። ጌታቸው ለጾም የሚበላው ሽሮ የሚፈጨው በእነርሱ ጉልበት ነው። በጸሎተ ሐሙስ በየቤተ ክርስቲያኑ የእግር ማጠብ ሥርዓት ይፈጸማል፤ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ለማሰብ። እግር ማጠብ በዚያ በጥንቱ ዘመን የባሪያ ሥራ ስለነበር ነው ጴጥሮስ የደነገጠው። ከሥርዓቱ ሲመለስ ደግሞ የብዙውን መኳንንት እግር በቤቱ የሚያጥበው የተገዛ ሰው ነበር። በዚያ ውስጥ የሕግ ጉድለት አልነበረም። ጾሙ ተጾሟል፣ እግሩም ታጥቧል።

እንዲህም ሆኖ ሕጉ ራሱ ዝም አላለም ነበር። የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት የሕግ መጽሐፍ የነበረው ፍትሐ ነገሥት ስለ ባርነት በሚናገርበት አንቀጽ መግቢያ ላይ ነፃነት ለሰው ሁሉ የተፈጥሮ ሕግ መሆኑን፣ ባርነትን ያመጣው ጦርነትና ጉልበት መሆኑን ይገልጻል፤ ባሪያን ነፃ ማውጣትንም መልካም ሥራ ይለዋል። ቀጥሎ ግን ባርነቱን ራሱን በሕግ ያደራጀዋል። ሰዎች የያዙት ይህን ቀጥሎ ያለውን ነበር። ከዚያ በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ፣ የቅዱስ ባስልዮስ ወንድም፣ መጽሐፈ መክብብን ሲተረጉም ባሪያዎችን ገዛሁ የሚለው ቃል ላይ ደርሶ ቆመ። የእግዚአብሔርን መልክ በስንት ገዛኸው፣ ሻጩስ ማን ነው፣ ምድርን ሁሉ እንዲገዛ የተፈጠረውን ሰው በምን ሚዛን መዘንኸው በሚል አሳብ ባለንብረቶቹን ሞገታቸው። በጥንቱ ዘመን ባርነትን ከመሠረቱ በመቃወም ይህን ያህል የተናገረ የቤተ ክርስቲያን አባት ማግኘት ያስቸግራል። ጎርጎርዮስ በእኛም ቤተ ክርስቲያን የከበረ ነው፤ በስሙ የሚጠራ ቅዳሴም አለ። ስሙ በቅዳሴው ሲጠራ ስለ ባሪያዎቹ የተናገረው ግን ለብዙ ዘመን የተሰማ አይመስልም።

ከዚህ በኋላ ሊነሣ የሚገባው ሰው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ሂካ የተባለው ሕፃን እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣውና በምፅዋ አቅራቢያ እምኩሉ ለነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። ልጁ የተጠመቀው እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1872 ነበር። ቀኑ በምዕራባውያን አቆጣጠር ፋሲካ ነው። የተሰጠው ስምም የባሪያ ስም ነበር፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ተብሎ የሚነበበው፣ ከጌታው ከፊልሞና ኮብልሎ በእስር ቤት ሳለ ከሐዋርያው ጳውሎስ ጋር የተገናኘው ሰው ስም።

ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፋት መልእክት አንዲት ምዕራፍ ብቻ ናት። ሐዋርያው በዚያች ደብዳቤ አዝሃለሁ ለማለት ሥልጣን እንዳለው ይናገርና ትእዛዙን ትቶ በፍቅር ይለምናል። ባሪያህን ተቀበለው ሳይሆን ወንድምህን ተቀበለው ይለዋል። በደል ወይም ዕዳ ካለበትም እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ይፈርማል። ፊልሞና በቤቱ ጉባኤ የሚሰበሰብበት ክርስቲያን ነበር፤ የሚጎድለው ሃይማኖት አልነበረም። ጳውሎስም ሌላ ሕግ ሊጨምርበት አልወደደም። በጎነቱ በግድ ሳይሆን በፈቃድ እንዲሆን ፈለገ። ስለ ሕግና ስለ እምነት በሮሜና በገላትያ መልእክታት የተከራከረው ሰው በዚህች ትንሽ ደብዳቤ ክርክሩን በአንድ ቤት ላይ፣ በአንድ ባሪያ ላይ ፈተነው።

ኦኔሲሞስ በስዊድን አገር ለአምስት ዓመታት ተምረው ሲመለሱ ከተማረኩባት ምድር ለመድረስ ቸኮሉ። በዐፄ ዮሐንስ ግዛት ማለፍ ባለመቻሉ ጉዞው በሱዳን በኩል ሆነ። ተጓዦቹ ከአሶሳ ሊዘልቁ አልቻሉም። ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደዱ፤ ኦኔሲሞስም በመንገድ በንዳድ ታመው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1882 በጭንቅ ካርቱም ገቡ፤ የመሕዲስቶች ዐመፅ የተቀጣጠለበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ከአሶሳ ተነሥቶ ወደ ወለጋ የሚሄድ መንገደኛ በመጀመሪያው ሰዓት ባምባሲን ያገኛል። በባርነት ወጥቶ በነፃነት ሊመለስ የሞከረው ሰው ከዚያ አጠገብ ደርሶ ነው የተመለሰው። ከዚያ በኋላ 22 ዓመት ጠበቁ።

የጥበቃው ዘመን ባዶ አልነበረም። በእምኩሉ ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱ፤ አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅድስት ክሪሾና ታትሞ ወጣ። ከጎናቸው አስቴር ጋኖ ነበሩ። እርሳቸውም በባርነት ተወስደው፣ ወደ ዐረብ አገር ሲጓዙ በነበረበት መርከብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1886 በኢጣልያኖች ነፃ የወጡ ነበሩ። ትርጉሙ የቋንቋውን ልብ ያገኘው በአብዛኛው በአስቴር ዕውቀት ነው። ኦኔሲሞስ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአገራቸው የራቁ ስለነበሩ የቋንቋውን ምሥጢር ያህል አልያዙትም ነበርና። ፊደል ማስተማሪያ መጽሐፉን አብረው አዘጋጁ፤ አስቴር ተረቱንና ዘፈኑን ከሕዝብ አፍ ሰበሰቡ። ሁለት የተሸጡ ልጆች ለሸጣቸው አገር መጽሐፍ ይዘው ተመለሱ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1904 ወለጋ ገብተው መጀመሪያ በቦጂ፣ በማግሥቱ ዓመት በነቀምቴ ተቀመጡ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ) ሞረዳ ኦርቶዶክሳዊ ነበሩ፤ ተቀብለው ያስጠለሏቸውም እርሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ስብከቱ በኦሮምኛ መሆኑና ሕዝቡ መሰብሰቡ የአካባቢውን ካህናት አሳሰበ፤ እመቤታችንን ይሰድባሉ የሚል ክስም ቀረበ። በ1898 ዓ.ም. ከአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡና እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ወሰኑ። ኦኔሲሞስም በትምህርት ቤታቸው ሲያስተምሩ ቆዩ። የመስበክ ፈቃድ ያገኙት በ1908 ዓ.ም. በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው፤ በሰኔ ወር 1923 ዓ.ም. አረፉ።

ይህን ታሪክ አንዳንዶች ቀላል አድርገው ያነቡታል፤ በአንድ ወገን ሕግ ጠባቂዎች፣ በሌላው ወገን አማኞች። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ያስጠለላቸው ኦርቶዶክሳዊ መሳፍንት ነው፤ ወደ ቤታቸው የመለሳቸውም ኦርቶዶክሳዊ ንጉሥ ነው። ካህናቱም በማይሰሙት ቋንቋ የሚነገረውን ቢጠራጠሩ ከክፋት ብቻ አልነበረም፤ የተረከቡትን መንጋ የመጠበቅ ኃላፊነት ነበረባቸው። በሌላ በኩል ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ከአንድ ትውልድ በኋላ የየራሳቸውን ደንብ አወጡ፤ ጠላ የጠጣ፣ የዘፈነ፣ ከቀድሞ ዘመዶቹ ተስካር የተገኘ በጉባኤ ፊት የሚጠየቅበት ዘመን መጣ። የጾሙን ዝርዝር ትቶ የወጣው ሰው ሌላ ዝርዝር ይዞ ተገኘ። ሕግ የማይወልድ እምነት እስከ ዛሬ አልታየም። ጥያቄው ሕጉ የተወለደበትን ያስታውሳል ወይ የሚለው ነው።

ባርነት በሕግ እንዲቀር የተደረገው ቀስ በቀስ ነበር። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በ1916 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባሪያው ጌታው ከሞተ ዓመታት ቆይቶ ነፃ እንዲወጣ ይደነግግ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የሚያስቀረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ። ከወረቀቱ በኋላ ግን ማዕዱ ቀረ። በምዕራቡ አገራችን በየድግሱ ማዎው ለብቻ የሚቀመጥበት፣ በሰው ዕቃ የማይበላበት ልማድ ከአዋጁ ብዙ ዓመት ተሻግሯል። ስድቡም አብሮ ተሻግሯል። ሐዋርያው ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ ከኢየሩሳሌም ሰዎች በመጡ ጊዜ ራሱን ከማዕዱ ለየ፤ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወመው። ስለ ወንጌል እውነት የተነሣው ያ ሙግት መነሻው ማን ከማን ጋር ይበላል የሚል ነበር። ዛሬ ማዎ በክልሉ ሕገ መንግሥት ከነባር ብሔረሰቦች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ማዕዱ ግን በሕገ መንግሥት አይዘረጋም።

በ1970ዎቹ ሌላ ሕዝብ ወደ አካባቢው መጣ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተጎዳው ወገን ከወሎና ከሌላውም ክፍል ተነሥቶ በአሶሳና በባምባሲ ዙሪያ በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ሰፈረ። ሰፋሪው ደብሩን፣ የነፍስ አባቱን፣ የጽዋ ማኅበሩንና የአባቶቹን መቃብር ትቶ ነው የመጣው። እህል ላጣ ሰው ጾም ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ ከባድ ነው። ጾም ያለውን በፈቃድ መተው ነውና፤ የሌለውን መተው አይቻልም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ቀን ቆጥረው መጾማቸውን ቀጠሉ፤ ሌላው ሁሉ በተወሰደበት ጊዜ የቀን መቁጠሪያው የራሳቸው ሆኖ ቀረ። እዚህ ላይ ሥርዓቱ የእምነት ጠላት አልነበረም፤ እምነቱ የተጠለለበት ጎጆ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ከሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ለሸሹ ሰዎች በባምባሲ የስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። ከአንድ ትውልድ በፊት እንግዳ ሆኖ የመጣው ሰፋሪ አሁን እንግዳ ተቀባይ ሆነ።

ነገሩ ሁሉ ግን እንዲህ ያማረ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል ዞኖች የሰው ደም ፈሰሰ፤ ብዙ ሕዝብም ተፈናቀለ። እጁን ያነሣውም፣ የተነሣበትም ብዙ ጊዜ የአንድ ሃይማኖት ሰው ነበር፤ ጾሙንም ሁለቱም ያውቁታል። ዮሐንስ አፈወርቅ ከዶሮና ከዓሣ ተከልክሎ ወንድሙን በሚያኝክ ሰው ላይ የተናገረውን ተግሣጽ በሐሜት ላይ ብቻ መተርጎም የለመድን ስለሆነ፣ ቃል በቃል ሊሠራ እንደሚችል ዘንግተን ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ጀመሩ። እንዲህ ያለው ግጥጥሞሽ በየዓመቱ አይገኝም። በዚያ ሰሞን በባምባሲ ዓይነት ከተማ ቀን ላይ ምግብ ቤት የሚገባ ሰው ጥቂት ነው፤ አንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃል፣ ሌላው እስከ መግሪብ። ሁለቱም ተርበው በአንድ ገበያ ይገበያያሉ።

ከወሎ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላም የሚያውቀው ነገር አለ። በአገራችን ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ሥጋ አይበላም፤ ይህ ብርቱ ደንብ ነው። ደንቡን ማፍረስ ሳያስፈልግ አብሮ መብላት የሚቻልበትን መንገድ ግን የወሎ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። በፋሲካ ማለዳ ክርስቲያኑ አባወራ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ በግ ያቆያል። እርሱ አያርደውም፤ ከጎረቤቶቹ አንዱን ጠርቶ በራሳቸው ሥርዓት እንዲባርከው ያደርጋል። በዒድ ዕለት ደግሞ ተራው ይገለበጣል። በቁጥር ወደሚጠሩት መንደሮች ሲመጣ ሰፋሪው ይዞት የመጣው ዕቃ ጥቂት ነበር፤ ይህን ልማድ ግን የሚያስቀርበት ምክንያት አልነበረም።